ኪስ ውስጥ እንዳለ የሚያልቀው ባትሪ

አፕል በ2008 ለገበያ ያወጣው አይፎን 3ጂ መግለጫው ላይ ሁለት ቁጥሮች ጎን ለጎን ሰፍረው ነበር፤ በ2ጂ ኔትወርክ እስከ 10 ሰዓት፣ በ3ጂ ኔትወርክ እስከ 5 ሰዓት ማውራት ይቻላል የሚሉ (እዚህም ሆነ ከዚህ በኋላ ያሉት ዓመታት በአውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው)። ባትሪው ያው ነው፤ ስክሪኑም ያው ነው። የተለወጠው ስልኩ ከማማው ጋር የሚነጋገርበት ሬዲዮ ብቻ ነው፤ እሱ ሲለወጥ ግን የማውሪያው ጊዜ በግማሽ ወረደ። ከዚያ በፊት በነበረው ዓመት ስቲቭ ጆብስ የመጀመሪያው አይፎን 3ጂ ያልተገጠመለት ለምን እንደሆነ ሲጠየቅ የሰጠው ምክንያትም ይኸው ነበር፤ በጊዜው የነበሩት የ3ጂ ቺፖች ባትሪ ይበላሉ።

ባትሪ ቶሎ አለቀ ሲባል ጣት የሚቀሰረው ስክሪን ላይ ነው። እውነትም ስክሪን በርቶ ሳለ ብዙ ኃይል ከሚወስዱት አንዱ ነው። ነገር ግን የብዙ ሰው ስልክ ስክሪን ከቀኑ የሚበዛውን ሰዓት ጠፍቶ ነው የሚውለው። ስልክ ማታ በ80 በመቶ ተቀምጦ፣ ማንም ሳይነካው፣ ጠዋት 55 ላይ መገኘቱ ብዙ ሰው የሚያውቀው ነገር ነው። በ2000 የወጣው ኖኪያ 3310 በ900 ሚሊአምፒር ሰዓት ባትሪ ቀናት ይቆይ ነበር። ዛሬ 5000 ሚሊአምፒር ሰዓት የተለመደ ሆኖ ሳለ ብዙ ሰው ማታ ማታ ቻርጀር ይፈልጋል። ስክሪኑ ጠፍቶ ሳለ የሚሄደው ኃይል በስክሪን ሊሳበብ አይችልም።

ጉዳዩ በአብዛኛው የእንቅልፍ ጉዳይ ነው። ሬዲዮ ሲተኛ የሚወስደው ኃይል እዚህ ግባ የሚባል አይደለም፤ ሲነቃ ግን ብዙ እጥፍ ይሆናል። የሚቀሰቅሱት ደግሞ አብዛኛውን ጊዜ አፕ ሠሪው፣ የቴሌኮም ኩባንያውና ራውተሩን ያስተካከለው ባለሙያ ናቸው። የቁጠባ ምክር ሁሉ የሚወርደው ግን በስልኩ ባለቤት ላይ ነው፤ ይህ ሊታረም ይገባል።

ሬዲዮን እያስተኙ የመቀስቀስ ሐሳብ ከስማርት ስልክ ይቀድማል። በ1970ዎቹ መጨረሻ የብሪታኒያ ፖስታ ቤት ከአምራቾች ጋር ሆኖ ለፔጀሮች ፖክሳግ የተባለ የጋራ ደንብ አወጣ። በዚህ ደንብ መልእክቶች በቡድን በቡድን ይላካሉ፤ እያንዳንዱ ቡድን በ8 ክፍሎች ይከፈላል። የትኛው ክፍል የየትኛው ፔጀር እንደሆነ የሚወስኑት የፔጀሩ መለያ ቁጥር የመጨረሻዎቹ 3 ቢቶች ናቸው። ስለዚህ ፔጀሩ የራሱ ክፍል ሲደርስ ብቻ ያዳምጣል፤ ሰባቱ ሲያልፉ ይተኛል። በአንዲት የባትሪ ድንጋይ ሳምንታት የሚሠራው በዚህ ብልሃት ነበር።

ሞባይልም ይህንኑ ወርሷል። ማንም የማይነካው የ4ጂ ስልክ ኔትወርኩ በወሰነለት ልክ፣ ለምሳሌ በየ1.28 ሰከንዱ፣ ለአፍታ ነቅቶ የሚፈልገው መኖሩን አዳምጦ ተመልሶ ይተኛል። ኔትወርኩ ልዩነቱን ወደ 2.56 ሰከንድ ቢያሰፋው ስልኩ ይበልጥ ያርፋል፤ ጥሪው ግን ጥቂት ይዘገያል። ከዚህ በታች የሚነሱት ክርክሮች ሁሉ ከዚህ ልውውጥ የሚመነጩ ናቸው።

ዋይፋይ የመጀመሪያ ደንቡ በ1997 ሲወጣ የኃይል ቁጠባው ስልት አብሮት ነበር። አሠራሩን ጠጋ ብሎ ማየት ይጠቅማል። ራውተሩ በተለመደው አሠራር በየ102.4 ሚሊሰከንዱ ቢከን የሚባል አጭር መልእክት ለሁሉም ያሰማል። የተገናኘው ስልክ ሁሉ ከራውተሩ የተሰጠው ቁጥር አለው። ስልኩ ሊተኛ መሆኑን ካሳወቀ በኋላ የሚመጣለትን ዳታ ራውተሩ ወዲያው አይልክም፤ ያስቀምጥለትና በቢከኑ ውስጥ ባለው ዝርዝር ላይ በስልኩ ቁጥር ትይዩ ምልክት ያደርጋል። ስልኩ ነቅቶ ቢከኑን ያያል። ምልክት ካገኘ ዳታውን ይጠይቃል፤ ካላገኘ ተመልሶ ይተኛል።

ስልቱ ግን በነጻ አልተገኘም። በ2002 የኤምአይቲ ተመራማሪዎቹ ሮኒ ክራሺንስኪና ሃሪ ባላክሪሽናን እንዳሳዩት፣ ጥያቄ ልኮ ወዲያው የሚተኛ መሣሪያ መልሱ በጥቂት ሚሊሰከንድ ቢደርስለትም እስከሚቀጥለው ቢከን ድረስ አያየውም። አንድ ድረ ገጽ ለመክፈት ብዙ ጥቃቅን ምልልስ ሲያስፈልግ መዘግየቱ ይደራረባል። ከዚያ ወዲህ የተሠሩት ስልኮች ዳታ ሲበዛ ነቅተው እየቆዩ፣ ጸጥ ሲል እየተኙ ይህን አቃለውታል።

ያልተቃለለው ለሁሉም የሚላከው መልእክት ነው። በአንድ ኔትወርክ ላይ ያለ ኮምፒውተር ‘ይህ አድራሻ የማን ነው?’ ብሎ ሲጠይቅ ጥያቄው ለሁሉም ይደርሳል፤ ተኝተው የነበሩት ስልኮችም ለማያገባቸው ጉዳይ ይነሳሉ። የዩኒቨርሲቲ ማደሪያ ወይም ትልቅ ሆቴል ውስጥ በመቶዎች የሚቆጠሩ መሣሪያዎች አንድ ኔትወርክ ላይ ሲጫኑ ይህ ቀስቃሽ ፋታ አይሰጥም። ራውተሮች ላይ ዲቲም የሚባል ማስተካከያ አለ። ቁጥሩ 1 ከሆነ ለሁሉም የሚላከው መልእክት በእያንዳንዱ ቢከን ይለቀቃል፤ 3 ከሆነ በየሦስተኛው ብቻ ስለሚለቀቅ ስልኮቹ በመካከል ያርፋሉ። ይህን ማስተካከልና ከንቱ መልእክቶችን ማጣራት የኔትወርክ አስተዳዳሪው ሥራ ነው። ቆሞ ስልኩን የሚያየው እንግዳ ብራይትነሱን ቢቀንስም ወደዚያ እጁ አይደርስም።

ከ2019 ጀምሮ የምስክር ወረቀት የተሰጠው ዋይፋይ 6 ከዚህ የተሻለ መንገድ ይዞ መጥቷል። መሣሪያውና ራውተሩ የሚገናኙበትን ሰዓት አስቀድመው ይቀጣጠራሉ፤ እስከዚያ መሣሪያው እያንዳንዱን ቢከን ለማየት መነሳት አይኖርበትም። ሁለቱም ወገን ቀጠሮውን መያዝ መቻል ስላለበት አዲስ ስልክ ከአሮጌ ራውተር ጋር ሲገናኝ ጥቅሙን አያገኝም።

የሞባይል ዳታ ታሪክ ከዋይፋይ ይልቅ የከበደ ነው። የማሳቹሴትስ ዩኒቨርሲቲ አምኸርስት ተመራማሪዎች በ2009 ባወጡት ልኬት፣ በ3ጂ ላይ ለአንድ የተለመደ የዳታ ልውውጥ ከሚወጣው ኃይል 60 በመቶ የሚሆነው የሚባክነው ዳታው ደርሶ ካለቀ በኋላ ነው። ሬዲዮው ሌላ ዳታ ቢመጣ በሚል ከ12 ሰከንድ በላይ በከፍተኛ ኃይል ነቅቶ ይቆያል። ተሳፋሪ ካወረደ በኋላ ሌላ እስኪመጣ ሞተሩን ሳያጠፋ ቆሞ ቤንዚን የሚያቃጥል ሚኒባስ እንደማለት ነው። የሚቆይበትን ጊዜ የሚወስነው ስልኩ ሳይሆን ኔትወርኩ ነው፤ እንደገና ለመገናኘት ማማውና ስልኩ ብዙ መልእክት መለዋወጥ ስላለባቸው ኩባንያዎች ግንኙነቱ ቶሎ ቶሎ እንዲቋረጥ አይፈልጉም።

ጅራት የሚባለው የዚህ ትርፍ የንቃት ጊዜ ጉዳት በፓንዶራ ላይ ቁልጭ ብሎ ታየ። ፓንዶራ የአሜሪካ የሙዚቃ አፕ ነው። ዘፈኑን በአንድ ጊዜ አውርዶ ሬዲዮው እንዲተኛ ስለሚተው በዚህ በኩል ሥራው የሚመሰገን ነበር። ይሁንና በየደቂቃው ገደማ የአድማጭ ቁጥር ለመመዝገብ አንዲት ትንሽ መልእክት ይልካል። በ2011 የወጣው የኤቲ ኤንድ ቲ ቤተ ሙከራና የሚሺጋን ዩኒቨርሲቲ ተመራማሪዎች ጥናት እንዳሰላው፣ እነዚህ መልእክቶች ከአፑ ዳታ 0.2 በመቶ ብቻ ሆነው ሬዲዮው ከሚጨርሰው ኃይል 46 በመቶውን ወስደዋል። ብዙ ሰው ባትሪ የሚጨርሰው የዳታ ብዛት ይመስለዋል። ይህ ቁጥር ግን ዋናው ነገር ዳታው ስንት ጊዜ ሬዲዮውን እንደሚያስነሳ መሆኑን ያሳያል። አንድ ሰው ሙሉ ፊልም በአንድ ጊዜ ከማውረዱ ይልቅ በየደቂቃው አንድ ትንሽ መልእክት የሚልክ አፕ ቀኑን ሙሉ መክፈቱ ባትሪውን ይበልጥ ሊጎዳው ይችላል።

4ጂ ሲመጣ ችግሩ አልቀረም። ከሚሺጋን ዩኒቨርሲቲ የወጣ የ2012 ጥናት የ4ጂን የኃይል አጠቃቀም ከዋይፋይ እስከ 23 እጥፍ የከፋ ሆኖ አግኝቶታል፤ ከ3ጂም ያነሰ ቆጣቢ ነበር። ዋናው ምክንያትም ያው ረጅም ጅራት ነው። ትልቅ ፋይል በአንድ ጊዜ ሲወርድ 4ጂ ፍጥነቱ ያግዘዋል፤ ሥራውን ቶሎ ጨርሶ ይተኛልና። ጥቃቅን መልእክት ሲበዛ ነው የሚከስረው።

የስልክ አምራቾች ይህን ጅራት ለመቁረጥ የወሰዱት እርምጃ ከቴሌኮም ኩባንያዎች ጋር አጋጭቷቸዋል። በ3ጂ ዘመን አንዳንድ ስልኮች የኔትወርኩን ፈቃድ ሳይጠብቁ ዳታው እንዳለቀ ግንኙነቱን ራሳቸው ይዘጉ ጀመር። ባትሪው ተረፈ፤ ማማዎቹ ግን በየሰከንዱ በሚመጣ የ‘ክፈቱልኝ’ና የ‘ዝጉልኝ’ መልእክት ተጨናነቁ። የዓለም አቀፉ ደንብ አውጪ ሥሪ ጂፒፒ በስምንተኛው እትሙ ያስታረቃቸው ስልኩ ማረፍ እንደሚፈልግ እንዲናገር፣ እንዴት እንደሚያርፍ ግን ኔትወርኩ እንዲወስን በማድረግ ነው። ፍትሐዊ መፍትሔ ነበር። የሰዓት ቆጣሪው ቁልፍ ግን በኩባንያዎቹ እጅ ቀረ።

በአፕ በኩል የተገኘው ትልቁ ለውጥ ሁሉም አፕ በየራሱ ሰርቨር እየጠየቀ ሬዲዮውን እንዳያስነሳ አንድ የጋራ መስመር መዘርጋቱ ነው። አፕል ይህን በ2009 ጀመረ፤ ጉግል በ2010 ተከተለው። ቴሌግራም ሆነ የባንክ አፕ ኖቲፊኬሽን ሲልክ ስልኩ ዘንድ የሚደርሰው በዚሁ መስመር ሊሆን ይችላል። ፌስቡክም በ2011 ሜሴንጀርን ሲያወጣ ባትሪ ለመቆጠብ የመረጠው ኤምኪውቲቲ የተባለ መልእክት ማስተላለፊያ ነበር። ይህ ደንብ በ1999 በአንዲ ስታንፎርድ ክላርክና በአርለን ኒፐር የተሠራ ሲሆን መነሻው በሳተላይት የሚገናኙ የነዳጅ ቧንቧዎችን መቆጣጠር ነው። በረሃ ውስጥ ላለ መቆጣጠሪያ የታሰበ ቁጠባ ኪስ ውስጥ ላለ ስልክ መድኃኒት ሆነ።

አንድሮይድ በ2015 በስድስተኛው እትሙ ዶዝ የተባለውን አሠራር አመጣ። ስክሪኑ ጠፍቶ፣ ቻርጅ ላይ ሳይሰካ፣ ሳይንቀሳቀስ የቆየ ስልክ አፖቹን ከኔትወርክ ያግዳቸዋል፤ በየጊዜው በሚከፈት አጭር ፋታ ብቻ ሁሉም አንድ ላይ ሥራቸውን እንዲጨርሱ ይፈቅድላቸዋል። አስቸኳይ መልእክት በጋራው መስመር ያልፋል። ይህ በትክክል የሚሠራ መፍትሔ ነው፤ ጅራቱ በየአፑ ሳይሆን አንድ ጊዜ ብቻ ይከፈላልና።

አንዳንድ አምራቾች ግን ከዚህ አልፈው አፖችን ከጀርባ ጨርሶ መዝጋት ጀመሩ። በወረቀት ላይ የባትሪው ዕድሜ ያምራል። ጠዋት የሚቀሰቅሰው ሰዓት ሳይጮህ፣ አስቸኳይ መልእክት ስልኩ እስኪከፈት ሳይደርስ ሲቀር ግን ጉዳቱ የተጠቃሚው ነው። ስልክ የሚያዘው ለማግኘትና ለመገኘት ስለሆነ ከዚህ ዓላማ ተነጥቆ የሚተርፍ ባትሪ ትርፍ ሊባል አይገባውም።

በተቃራኒው ጥፋቱ የአፑ የሆነበት ጊዜም አለ። በጥቅምት 2015 ፌስቡክ የአይፎን አፑ ባትሪ እንደሚጨርስ በይፋ አመነ። አንዱ ምክንያት የኔትወርክ ኮዱ ሳያስፈልግ ፕሮሰሰሩን ማስሮጡ ሲሆን፣ ሌላው ቪዲዮ ታይቶ አፑ ከተዘጋ በኋላ ድምፅ የሌለው የኦዲዮ ሥራ ተከፍቶ መቅረቱ ነበር። ሁለቱም ታርመዋል።

የዚህ ሁሉ ክብደት በእጥፍ የሚሰማው ኔትወርክ ደካማ በሆነበት ቦታ ነው። ስልክ ከማማው ሲርቅ ለመሰማት ድምፁን ከፍ ያደርጋል። የ4ጂ ስልክ አቅሙ እስከ 200 ሚሊዋት ገደማ ነው፤ ማማው አጠገብ ከዚያ እጅግ ጥቂቱ ይበቃዋል። በ2010 የታተመ ባርቴንደር የተባለ ጥናት አንድ ቢት ለማስተላለፍ የሚወጣው ኃይል ሲግናል ሲደክም እስከ 6 እጥፍ እንደሚጨምር ለክቷል። ደካማ ሲግናል ፍጥነትንም ስለሚቀንስ ሬዲዮው በከፍተኛ ኃይል ረዘም ላለ ጊዜ ይሠራል። ኔትወርክ ጨርሶ ከጠፋ ደግሞ ስልኩ ማማ ፍለጋ ሞገድ ከሞገድ መዞር ይጀምራል።

ከአዲስ አበባ ወደ ክፍለ ሀገር የሚሄድ መንገደኛ ይህን በአካል ያውቀዋል። ተራራና ሸለቆ በሚፈራረቅበት መንገድ ላይ ስልኩ ከ4ጂ ወደ 3ጂ፣ ከዚያ ወደ 2ጂ ይወርዳል፤ ይጠፋል፤ ተመልሶ ያገኛል። ማንም ሳይነካው መድረሻው ላይ ባትሪው ቀልጧል። ሳፋሪኮም በጥቅምት 2022 በኢትዮጵያ አገልግሎት ከጀመረ ወዲህ የኢትዮ ቴሌኮምንና የሳፋሪኮምን ሲም በአንድ ስልክ መያዝ ተችሏል። በዚህ ጊዜ ስልኩ ሁለት ኔትወርክ ያዳምጣል፤ አንዱ በደንብ ቢገባም ሌላው ሽፋን በሌለበት ሲፈለግ ይውላል።

በገጠር ከተሞች ስልክ በገንዘብ ቻርጅ የሚያደርጉ ሱቆች አሉ። መብራት ያልገባበት ቀበሌ ላለ ሰው የባትሪ ማለቅ በእግር ተሄዶና ተከፍሎ የሚፈታ ችግር ነው። ከ2021 ጀምሮ ቴሌብር ገንዘብን ወደ ስልክ ካመጣ በኋላ ደግሞ ባትሪ ሲዘጋ ቦርሳም አብሮ ይዘጋል። የኃይል ቁጠባ ጥናት በብዛት የሚሠራው ማማና ሶኬት በሞላባቸው ከተሞች ነው፤ ውጤቱን አጥብቀው የሚፈልጉት ግን እነዚህ ሰዎች ናቸው።

5ጂ ሲመጣ የድሮው የአይፎን 3ጂ ታሪክ በከፊል ተደገመ። በ2020 በቻይና በተሠራ ልኬት የ5ጂ ሬዲዮ ከ4ጂው ከ2 እስከ 3 እጥፍ ኃይል ሲወስድ ታየ። መጀመሪያ የተዘረጉት ብዙዎቹ የ5ጂ ኔትወርኮች በ4ጂ ላይ ተደግፈው የሚሠሩ ስለነበሩ ስልኩ ሁለቱንም ሬዲዮ በአንድ ጊዜ ይይዝ ነበር። አፕል በዚያው ዓመት አይፎን 12ን ሲያወጣ ፍጥነቱ ካላስፈለገ ስልኩ በራሱ ወደ 4ጂ እንዲመለስ አደረገ፤ አስተዋይ ውሳኔ ነበር። ደንቡም ተሻሽሏል። የመጀመሪያው የ5ጂ እትም ስልኩ ግንኙነቱን ሳይረሳ የሚያርፍበት መካከለኛ ሁኔታ ጨመረ፤ የ2020ው እትም ደግሞ ለስልኩ ዳታ የሌለ እንደሆነ ቀድሞ የሚነግር አጭር ምልክት አስገባ። እነዚህ ግን የሚሠሩት የቴሌኮም ኩባንያው ማማው ላይ ሲከፍታቸው ነው።

ትንንሽ መሣሪያዎች ላይ የእንቅልፉ ዋጋ ይበልጥ ይታያል። በ2017 የወጣው አፕል ዋች ሲሪስ 3 በአይፎን በኩል ሲያወራ 3 ሰዓት፣ በራሱ 4ጂ ሲያወራ 1 ሰዓት ብቻ እንደሚቆይ አምራቹ ገልጾ ነበር። ለውኃ ቆጣሪና ለመሰል መሣሪያዎች የተሠራው ኤንቢ አይኦቲ ደግሞ ለሰዓታት ወይም ለቀናት ስለሚተኛ በአንድ ባትሪ 10 ዓመት ይታሰብለታል።

ለባለቤቱ የሚቀረው ሥራ ጥቂት ነው፤ ጥቂቱ ግን ይሠራል። ጥሩ ዋይፋይ ባለበት የሞባይል ዳታን መዝጋት፣ ሽፋን በሌለበት ረጅም መንገድ ኤርፕሌን ሞድ ማብራት፣ የማያስፈልገውን ሲም ለጊዜው ማጥፋት፣ 4ጂ እየመጣ በሚሄድበት ቦታ ስልኩን 3ጂ ላይ ማቆየት፣ ከጀርባ ዳታ የሚልኩ አፖችን ፈቃድ መከልከል። አፖችን አንድ በአንድ እየጠረጉ መዝጋት ግን አይጠቅምም። በ2016 የአፕሉ ክሬግ ፌዴሪጊ ለኩባንያው ጥያቄ ለላከ ተጠቃሚ እንደማያስፈልግ መልሶለታል፤ የአንድሮይዱ ሂሮሺ ሎክሃይመርም ተመሳሳይ ነገር ተናግሯል።

የአውሮፓ ኅብረት ከሰኔ 20 ቀን 2025 ጀምሮ በገበያው የሚሸጡ ስማርት ስልኮች የኃይል መለያ እንዲለጠፍባቸው አስገድዷል። መለያው ባትሪው አንዴ ቻርጅ ተደርጎ ስንት ሰዓትና ደቂቃ እንደሚቆይ፣ ስንት ጊዜ ቻርጅ ቢደረግ አቅሙን እንደሚይዝ ያሳያል። ለገዢ ትልቅ እርምጃ ነው። ልኬቱ ግን የስልኩ ብቻ ነው፤ የሚካሄደውም ላብራቶሪ ውስጥ በተወሰነ ሁኔታ ነው። የቴሌኮም ኩባንያው ሬዲዮውን ዳታ ካለቀ በኋላ ስንት ሰከንድ ነቅቶ እንደሚያቆየው፣ የትኞቹን የእንቅልፍ ስልቶች ማማው ላይ እንደከፈተ፣ አንድ አፕ በሰዓት ስንት ጊዜ ሬዲዮውን እንደሚያስነሳ የሚነግር መለያ የለም። ሁሉም ሊለኩ የሚችሉ ቁጥሮች ናቸው፤ ኩባንያዎቹም ሆኑ አፕ ሠሪዎቹ ዘንድ አሉ። ተቆጣጣሪ መሥሪያ ቤቶች ቀጥለው ሊጠይቋቸው የሚገባው እነዚህን ነው።